እሰይ ባለ አምስት ዶላሩ!

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዘመቻ የሚሽከረከረው በቱጃር ገንዘብ ነው ብለው የሚያሙ አሉ። ስልክ ባይኖራቸው ነው። ስልክ ያለው ሰውማ እጩው ጧት ማታ የሚጨነቀው ስለ እሱ አምስት ዶላር መሆኑን ያውቃል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ፓርቲዎቹ ተረቱን አራቅቀውታል፦ ሎሚው ይቅርና ሃምሳውን ሰው ቁጠሩልን። እ.ኤ.አ. በ2023 ሪፐብሊካኖች ወደ መጀመሪያው የፕሬዚዳንታዊ ተወዳዳሪዎቻቸው ክርክር ለሚገባ ሁሉ 40,000 ለጋሽ ጠየቁ፤ ያውም ቢያንስ ከ20 ግዛቶች ሁለት ሁለት መቶ ሰው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ የያኔው የሰሜን ዳኮታ አገረ ገዥ ዳግ በርገም፣ ባለጸጋ ናቸውና ነገሩ ቶሎ ገባቸው። አንድ ዶላር ለሚሰጧቸው 50,000 ሰዎች የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ አዘጋጁ። ሃምሳ ሺህ ዶላር በአንድ ሚሊዮን! መርካቶ እንዲህ ያለ ነጋዴ አላየችም። በነሐሴው ክርክር ግን ሰውዬው ሚልዋኪ መድረክ ላይ ቆመዋል፤ በሕዝብ መዋጮ፣ እንግዲህ።

ወደ ስልካችን የሚላኩት የልመና መልእክቶች ጥበብም ይደነቃል። «እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ!» ይላል። እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጋው ዘመቻው ገቢና ወጪውን የሚያሳውቅበት የሪፖርት ጊዜ ነው፤ በማግስቱ የገባ ዶላርም ያንኑ ማስታወቂያ ይገዛል። «ስጦታዎ በሰባት እጥፍ ይሞላል!» ደግሞ አለ። በ2024 አንድ ሰው ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ መስጠት የሚችለው እስከ 3,300 ዶላር ነበር። ሰባቱን እጥፍ ከኪሱ የሚሞላው ደግ ሰው በእርግጥ ካለ፣ ባለ 50 ዶላር ለጋሾችን በሰባት እጥፍ ሲሞላ አሥረኛው ላይ ሲደርስ ጣሪያውን ይነካል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ነው። በ2020 የትራምፕ ዘመቻ ገጽ ላይ «በየወሩ ይቆረጥ» የሚለው ኋላ «በየሳምንቱ» ሆነ፤ ምልክቱን ያላነሳ ሰው ልግስናውን ያወቀው ከባንክ መግለጫው ነው። ዘመቻውና ፓርቲው በዓመቱ የመጨረሻ ሁለት ወር ተኩል 64 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለኢንተርኔት ለጋሾች መለሱ። የትኛው ባንክ ነው ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ፣ ያውም ተበዳሪው ሳይለምነው የሚያበድር? የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን አባላት በ2021 ይህን ግሩም ፈጠራ ኮንግረሱ ይከልክለው ብለው በአንድ ድምፅ ጠየቁ። ምቀኝነት ይሆናል።

ክብሩም አይቀርም። መዋጮ በኢንተርኔት በሚሰበስቡት በዴሞክራቶቹ አክትብሉ ወይም በሪፐብሊካኖቹ ዊንሬድ በኩል የተላከች አምስት ዶላር ከለጋሿ ስም፣ ከሥራዋና ከአሠሪዋ ጋር ለኮሚሽኑ ሪፖርት ትደረጋለች፤ ማንም ከፍቶ ያነባታል። ለጋሾቹን የመግለጽ ግዴታ በሌለበት ማኅበር በኩል ሚሊዮኖች የሚያፈሰው ምስኪን ግን ስሙን የሚያነሳለት የለም።

ግሪን ካርድ ይዞ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወገናችንም አልተረሳም፤ ሕጉ ለእጩው እንዲያዋጣ ይፈቅድለታል። ለፕሬዚዳንት ድምፅ መስጠቱን ግን ዜግነት ሲያገኝ ይደርስበታል።