«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ያሉ እናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በአስተርጓሚነት ስሠራ፣ ወንድማቸው አገር ቤት የሞቱባቸው አንዲት እናት ለሥነ ልቦና አማካሪያቸው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሏት። እኔ ሆድ የሚለውን ቃል እንዳለ አሻገርኩት፤ አማካሪዋም ለጨጓራ ምርመራ ወደ ሐኪም ላከቻቸው። እናቲቱ ዳግመኛ አልመጡም። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም፤ እኔ ቃሉን እንጂ ሐዘኑን አልተረጎምኩም።

በአማርኛ ሆድ የምስጢርና የስሜት ማደሪያ ነው። ሰው ሆድ ይብሰዋል፣ ሆዱ ይባባል፣ አንጀቱ ያርራል። ሕመሙን በአካሉ የሚናገር ሰው ስሜቱን መግለጽ ያልቻለ ሳይሆን፣ ቋንቋው በሰጠው መንገድ አጥርቶ የገለጸ ነው።

ስለዚህ አማርኛ የሚናገሩ ባለሙያዎች እንዲበዙልን የሚጠይቁትን ከልብ እደግፋለሁ። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እንደሚነገር፣ በስደት ያለ ሰው ግን በስልክ ሰምቶ ለቅሶ ሳይቀመጥ ወደ ሥራ ሊገባ እንደሚችል የሚያውቅ አማካሪ፣ ያ ያልተለቀሰ ሐዘን ከወራት በኋላ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ሲመጣ አይደናገርም። ጸበል የሚጠመቀውንም ሰው እምነቱን ሳይነካ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ማስረዳት ይችላል።

ሆኖም «ሀበሻ ስለሆነ ይገባዋል» በሚለው ብቻ አልስማማም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ አማካሪና ከገጠር ተነስታ ቤሩት በቤት ሠራተኝነት የቆየች ወጣት አንድ ቋንቋ ቢናገሩም የኖሩት ኑሮ አንድ አይደለም፤ ቶሎ «ገብቶኛል» የሚል አማካሪ ደግሞ ሳይሰማ ያልፋታል። ከ2020 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢትዮጵያ ከተካሄደው ጦርነት ወዲህ፣ ከአማካሪው ስም ተነስቶ «የማን ወገን ይሆን?» ብሎ የሚሰጋ ሰው መኖሩንም መካድ አይገባም። እንዲህ ያለው ሰው የውጭ አገር ባለሙያ ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ከትውልድ ሐረጉ ይልቅ የአማካሪው የመጠየቅ ልማድ ይበልጥብኛል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የአእምሮ ሕመም መለያ መመሪያ አምስተኛ እትም ውስጥ 16 ጥያቄዎች ያሉት የባህል ቃለ መጠይቅ አለ። ታካሚው ችግሩን ለቤተሰቡና ለወገኖቹ በምን ቃል እንደሚገልጸው ይጠይቃል፤ በመጨረሻም የሐኪሙና የታካሚው አስተዳደግ መለያየት አለመግባባት ያመጣል የሚል ስጋት እንዳለው ያነሳል። ያቺ አማካሪ ከእነዚህ ሁለቱ የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ እናቲቱ ስለ ወንድማቸው ይነግሯት ነበር።

የሐበሻ አማካሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ አማካሪና ታካሚ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሊያስቀድሱ፣ በአንድ ሠርግ ሊታደሙ ይችላሉ፤ ሰው «ወሬዬ ይወጣል» ብሎ መፍራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ምስጢር ጠባቂው አማካሪ በአደባባይ ቀድሞ ሰላም አይልም፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰላምታ መንፈግ የቂም ምልክት ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሰው መሀል ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም የማልልዎት ምስጢርዎን ለመጠበቅ ነው፤ እርስዎ ሰላም ካሉኝ ግን በደስታ እመልሳለሁ» ብሎ ሊነግራቸው ይገባል።