ለብነ በወይራ ጢስ

ቤሩት በሰው ቤት በሠራሁባቸው 9 ዓመታት እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማዘጋጀው ለብነ ነበር። ለብነ ጨው ገብቶበት በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ የተሰቀለ፣ አጓቱ ሌሊቱን ሙሉ ተንጠፍጥፎ ያለቀ ወፍራም እርጎ ነው። ጠዋት ሰሃን ላይ ይዘረጋል፤ መሃሉ በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ ይደረግና የወይራ ዘይት ይፈስበታል፤ ደረቅ ናና ወይም ዛዕተር የሚሉት የቅመም ድብልቅ ይነሰነስበታል። እንግዶቹ በስስ ቂጣቸው፣ በኹብዝ እያጠቀሱ ይበሉታል።

ዘንድሮ ደሴ ስገባ ይህንኑ ለጎረቤት ላቀርብ አሰብኩ። ደሴ ብርዱ ወተቱን ያዘገየዋል፤ ሞቅ ባለው ኮምቦልቻ ግን ቶሎ ይረጋል። ስለዚህ አክስቴ ከዚያ 2 ሊትር ያህል እርጎ በቅል ይዛ የሐረጎን ዳገት ወጥታ መጣች። ቀኑን ቅዳሜ አደረግነው፤ ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ስለሚጾሙ።

ክዳኑን ስከፍት የወይራው ጢስ ሸተተኝ። ቤሩት ወይራው ዘይት ሆኖ ከላይ ይፈሳል፤ እዚህ ቅሉ የሚታጠነው በወይራ ስለሆነ ጣዕሙ ወተቱ ሳይረጋ ገና ከውስጥ ይገባል። የኛ የጫካ ወይራ የዚያው የዘይቱ ወይራ ዘመድ ነው። እንደኔ ከሆነ የጢሱ ይበልጣል። በጨው የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና የተከተፈ ቃሪያ ጨመርኩበት። አክስቴ ሚጥሚጣ ይግባበት ብትለኝም ጢሱን ይሸፍነዋል ብዬ እምቢ አልኩ።

አጓቱን ልደፋ ስነሳ እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ይሄ ምን በደለ?» አለችና የዳቦ ሊጥ አቦካችበት። ቤሩት ስንቱን አጓት ወደ መታጠቢያው ደፍቻለሁ!

የሊባኖስ ሰው እንግዳ ይወዳል፤ ይህን ብክድ ሐሰተኛ እሆናለሁ። «ሰህቴን» ይላሉ፣ ሁለት ጤና ይሁንላችሁ እንደማለት። ማዳሜም ለእንግዶቿ ደጋግማ ትለው ነበር። እኔ ግን ያንን ሰሃን አቅርቤ ወደ ወጥ ቤት እመለሳለሁ፤ የተረፈውን የምበላው ቆሜ ነው። አብራኝ ከገበታው እንድቀመጥ አንድም ቀን አልጠራችኝም። ከሥራው ድካም ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው።

ደሴ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚገባበት ቤት ነው ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ሥጋ ላይ እስከዛሬ እንለያያለን፤ ሠርግ ሲሆን የሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ማንም አይከፋውም፣ ምክንያቱም ዳሱ አንድ ነው። እርጎ ሲሆን ሰሃኑም አንድ ይሆናል።

ቅዳሜ ዕለት ለብነውን ከትኩሱ ዳቦ ጋር መሃል አስቀምጬ፣ እንደለመድኩት ወደ ጓዳ ልመለስ ዞርኩ። እማዬ ነጠላዬን ጎተት አደረገችኝ። «ወዴት ነው? ተቀመጪ እንጂ!» በዕድሜ ትልቋ ክርስቲያን ጎረቤታችን ዳቦውን ቆርሰው ከለብነው ዛቅ አደረጉና «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብለው አጎረሱኝ። 9 ዓመት ለሰው ያቀረብኩትን ምግብ ከሰው እጅ ስጎርስ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።