ዓለምን አድነው በር የተዘጋባቸው

ባለ ሦስት ክፍል ልቦለድ የሚያነብ ጓደኛ ያለው ሰው ያውቀዋል። ሦስተኛው መጽሐፍ እጁ ከገባ ስልክ አያነሳም፣ ቀጠሮ አያከብርም። ችግሩ ፊልሙን ብቻ ያየው ሌላኛው ጓደኛ ነው። ሳይጠየቅ መጨረሻውን ዘርግፎ፣ «ግን አንብበው፣ አሪፍ ነው» ብሎ ይሄዳል።

እንግሊዛዊውን ደራሲ ቶልኪንን ግን የገዛ አሳታሚው ነው እንዲህ የሠራው። የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ሦስተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው «የንጉሡ መመለስ» ተብሎ ነው። ደራሲው ርዕሱን አልወደደውም፤ መጨረሻውን ያወጣል ባይ ነበር። ንጉሡ ይመለስ ይሆን ብሎ ለሚጨነቅ አንባቢ መልሱ ሽፋኑ ላይ አለ! ሲጀመር ሥራው ለሦስት እንዲከፈልም አልፈለገም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ተወዶ ነው የተከፈለው። ይህን የኛ አገር ደራሲ ሲሰማ አይገረምም።

ወደ መጨረሻው እንምጣ። ጀግኖቹ ሊያጠፉት የተሸከሙት ክፉ ቀለበት እሳት ውስጥ ገባ፣ የጨለማው ጌታ ወደቀ። አለቀ ስትሉ ገና ነው። የንግሥ በዓል አለ፣ ሰርግ አለ፣ ስንብት አለ፣ ከስንብቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ስንብት። «በሉ እንግዲህ» ብሎ ከተነሳ በኋላ ዋናውን ወሬ በር ላይ የሚጀምር እንግዳ አታውቁም? ልክ እንደሱ ነው።

እዚህም ዋናው ወሬ በር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ 11 ኦስካር የወሰደው የዚሁ መጽሐፍ ፊልም ይህን የበር ላይ ወሬ ትቶታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የቆረጡት ሥጋውን ነው።

የመጽሐፉ ጀግኖች፣ ሆቢት የሚባሉት አራቱ ድንክዬዎች፣ ዓለምን አድነው፣ በስብሰውና ደክሟቸው፣ በምሽት አገራቸው ድልድይ ላይ ይደርሳሉ። በሩ ተዘግቷል። ጥበቃዎቹ ከውስጥ ሆነው ማስታወቂያውን አታነቡም ወይ ብለው ይጮኻሉ። ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት መግባት ክልክል ነው። ከአራቱ አንዱ ሳም፣ በዚህ ጨለማ እንዴት ነው የምናነበው ይላል። ለዚህ የሚሆን መመሪያ የለም።

በሩን ዘለው ገቡ። ግድግዳው ላይ የደንብ መዓት ተለጥፏል። መጠጥ ቤቶች ተዘግተዋል። ማገዶ በልክ ነው። እህሉን የሚሰበስቡና የሚያከፋፍሉ ሰዎች ተሹመዋል፤ መሰብሰቡን ሁሉም አይቷል፣ ማከፋፈሉን ያየ ግን ብዙም የለም። በማግስቱ ጀግኖቻችን ይያዛሉ። ክሱ ይነበባል፦ በር መጣስ፣ የተለጠፈ ደንብ መቅደድ፣ ያለ ፈቃድ ማደር፣ ለጥበቃ ምግብ ጉቦ መስጠት። ጉቦ የተባለው እራታቸውን አብረው መብላታቸው ነው። ክሱን የጻፈውን ሰው አንድ ቢሮ ውስጥ ያየሁት ይመስለኛል።

ከሁሉ የምወደው ግን የሳምን አባት ነው። ሽማግሌው በመጀመሪያ ቀለበቱን የተሸከመውን ሆቢት፣ ፍሮዶን፣ ይወቅሱታል፤ እናንተ በሰው አገር ተራራ ለተራራ ስትዞሩ እዚህ ድንቼን አበላሹብኝ ይላሉ። ቀጥለው፣ ልጄ ሥርዓት ይዞ ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ፍሮዶም ሳም ዛሬ በየአገሩ ስሙ የተጠራ፣ የተዘፈነለት ሰው ነው ብሎ ይመሰክርላቸዋል። አባት ለማመን ይቸገራሉ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። የብረት ልብስ ለብሷል።

ሰደርያውስ የት ገባ?