ክርክር፦ ለሜዲትራኒያን ትልቅ መርከብ ወይስ ትንሽ ጀልባ?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ የጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እንደ «ዳቲሎ» ያሉ ትልልቅ የውቅያኖስ መርከቦችን ማብዛት አለበት ወይ? ሐሳቡን የሚደግፉት በንግድ መርከቦች ላይ በመሐንዲስነት ያገለገሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው። የሚቃወሙት በሲሲሊ ለስደተኞች የሚያስተረጉሙ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

በቅድሚያ የምንከራከርበት መርከብ ምን ዓይነት እንደሆነ ይታወቅ። «ሉዊጂ ዳቲሎ» እና «ኡባልዶ ዲቾቲ» በአንድ ንድፍ የተሠሩ ሁለት መርከቦች ናቸው። በኔፕልስ አቅራቢያ በካስቴላማሬ ዲ ስታቢያ በሚገኘው የፊንካንቲዬሪ መርከብ መሥሪያ ተገንብተው በ2013 እና በ2014 ሥራ ጀመሩ። ርዝመታቸው 94 ሜትር ነው። እሳት ያጠፋሉ፤ ሞተሩ የቆመ መርከብ ይጎትታሉ፤ ባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ይሰበስባሉ። በጭንቅ ጊዜ ደግሞ እስከ 600 ሰው ያሳፍራሉ።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው በሚያዝያ 2015 የሆነውን ላስታውሰው። ከጣሊያኗ ላምፔዱዛ ደሴት በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሌሊት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የታጨቁበት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ እርዳታ ጠየቀ። በአቅራቢያው የነበረው «ኪንግ ጃኮብ» የተባለ የጭነት መርከብ ነበር፤ እንዲረዳ ታዘዘና ሄደ። ጀልባዋ ከመርከቡ ጋር ተጋጭታ ተገለበጠች። ከ700 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በሕይወት የተረፉት 28 ብቻ ነበሩ።

የጭነት መርከብን ጎን ከውኃው ሆኖ ያላየ ሰው ይህን አደጋ በቅጡ ሊረዳው አይችልም። መርከቡ ባዶውን ሲጓዝ ከውኃው እስከ ወለሉ ያለው ከፍታ ከአሥር ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ገደል ላይ የሚወርደው የገመድ መሰላል ነው። መርገጫው እርጥብ እንጨት ነው፤ መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር መሰላሉ ከጎኑ ይርቅና ተመልሶ ብረቱን ይመታል። ወደብ የሚያስገባን ባለሙያ እንኳ እጁን አጥብቆ፣ ማዕበሉ ከፍ የሚልበትን ቅጽበት ጠብቆ ነው የሚይዘው። ቀናት ሙሉ በጥምና በረኀብ የቆየች፣ ልጅ ያዘለች እናት በጨለማ እንዴት ትወጣበታለች? የነጋዴ መርከብ ዕቃ እንዲጭን ተሠራ፤ «ዳቲሎ» ግን ሰው እንዲያወጣ ተሠራ። እንዲህ ያለ መርከብ በዚያ ሌሊት በአካባቢው ቢኖር ኖሮ «ኪንግ ጃኮብ» ባልተጠራ ነበር።

ተቃዋሚ

ወንድሜ፣ ስለ መሰላሉ የነገሩን እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልነካበትም። ነገር ግን እርስዎ የሚናገሩት መርከቡ ሊሠራ ስለሚችለው ነው፤ እኔ የምናገረው ስለሠራው ነው።

ነሐሴ 16 ቀን 2018 ከላምፔዱዛ ብዙም ሳይርቅ 190 ሰዎች ከሞት ተረፉ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ከጀልባቸው ያወጧቸው ከደሴቲቱ የተነሡ ሁለት ትናንሽ የጠረፍ ጥበቃ ጀልባዎች ናቸው። «ዲቾቲ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰዎቹን ከትናንሾቹ ተረከበ። ሕክምና የሚያስፈልጋቸው 13 ሰዎች ወደ ላምፔዱዛ ተወሰዱ፤ 177ቱ በመርከቡ ላይ ቀሩ። ጣሊያንና ማልታ «ያንተ ናቸው፣ ያንተ ናቸው» ሲባባሉ ቀናት አለፉ። ነሐሴ 20 መርከቡ ሲሲሊ፣ ካታኒያ ወደብ ገባ፤ ሰዎቹ ግን አልወረዱም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማቴዮ ሳልቪኒ አውሮፓ ካልተካፈላቸው አይወርዱም አሉ። በነሐሴ ፀሐይ ሸራ ተወጥሮላቸው በመርከቡ ወለል ላይ ተኙ። ከፊታቸው ወደቡ፣ ከወደቡ ባሻገር ከተማው ይታያቸዋል። ሕፃናቱ ቀድመው ወረዱ፤ የቀሩት አልባኒያ፣ አየርላንድና የጣሊያን ቤተ ክርስቲያን እንቀበላለን ካሉ በኋላ ነሐሴ 25 ሌሊት ተለቀቁ።

በሊቢያ መጋዘን ተዘግቶበት የኖረ ሰው በአውሮፓ መርከብ ላይ እንደገና «ቁጭ በል፣ አትንቀሳቀስ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ከእነዚህ ልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለምን እንደታገዱ በቋንቋቸው የሚነግራቸው ሲያጡ ደግሞ ይብሳል። አሁን እጠይቅዎታለሁ፦ እነዚያ ሁለት ትናንሽ ጀልባዎች 177 ሰው ለአሥር ቀን ማገት ይችሉ ነበር? አይችሉም። ነዳጃቸው፣ ስፋታቸው፣ ውኃቸው ወደ ቅርቡ ወደብ ያስገድዳቸዋል። እርስዎ የሚያወድሱት ስፋት ነው ለሚኒስትሩ ሰው ማቆያ ቦታ የሰጠው።

በዚያው ዓመት ሰኔ የሆነውም ከዚህ አይለይም። «አኳሪየስ» የተባለው የእርዳታ መርከብ 629 ሰዎች ይዞ ጣሊያን ወደቧን ዘጋችበት። «ዳቲሎ» ከሰዎቹ ከፊሉን ተቀበለ። ወዴት ወሰዳቸው? ሲሲሊ አጠገባቸው እያለ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ስፔን፣ ቫሌንሲያ አደረሳቸው። መንገድ ላይ ማዕበሉ ከፍቶ በሰርዴኛ ጠረፍ ተጠልለው ነበር የተጓዙት። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስችለው ትልቅ መርከብ ነው።

ደጋፊ

እህቴ፣ የ«ዲቾቲ» ነገር አሳፋሪ ነው፤ እኔም አልከላከለውም። ግን በደሉን ለባለቤቱ እንስጠው። መርከቡን ካታኒያ ላይ ያቆመው ትእዛዝ ነው። ጉዳዩን የመረመሩት የሲሲሊዋ ከተማ የአግሪጄንቶ ዓቃቤ ሕግ ወደ ሚኒስትሩ እንጂ ወደ መርከቡ አላመለከቱም። የጣሊያን ሴኔት በመጋቢት 2019 ሚኒስትሩ እንዳይከሰሱ ቢወስንም፣ የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ችሎት በመጋቢት 2025 መንግሥት ለታገቱት ካሣ ሊከፍል እንደሚገባ ፈርዷል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ከነገረን በኋላ መርከቡን መቅጣት ለምን ያስፈልጋል?

ስለ «አኳሪየስ»ም ቢሆን፣ 629 ሰው በዚያ ማዕበል በአንድ ጠባብ መርከብ ላይ ቢቀር ምን ይሆን ነበር? ትእዛዙ ክፉ ነበር፤ ከሰዎቹ ከፊሉን በደህና ያደረሳቸው ግን «ዳቲሎ» ነው።

ትናንሽ ጀልባዎች ይበቃሉ ለሚለው ደግሞ ኩትሮን አስቡት። የካቲት 2023 ከቱርክ የተነሣች የእንጨት ጀልባ በደቡብ ጣሊያን ኩትሮ ወደሚገኝበት ወደ ካላብሪያ ክልል ስትቀርብ የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ጥበቃ ድርጅት የፍሮንቴክስ አውሮፕላን አይቷት ነበር። የፋይናንስ ፖሊስ ሁለት ጀልባዎች ሊገናኟት ወጡ፤ ማዕበሉ በረታባቸውና ተመለሱ። ጎሕ ሳይቀድ ጀልባዋ በባሕር ዳርቻው አሸዋ ክምር ላይ ተሰባበረች። ቢያንስ 94 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ሌሊት ማዕበል የማይመልሰው መርከብ ባሕር ላይ ቢኖር ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ተቃዋሚ

ኩትሮን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም የኔ ማስረጃ ነው። የተመለሱት የፋይናንስ ፖሊስ ጀልባዎች ናቸው፤ ሥራቸው ኮንትሮባንድ መከታተል ነው። ቢገለበጡ ራሳቸውን የሚያቀኑ፣ ለነፍስ አድን ተብለው የተሠሩ የጠረፍ ጥበቃ ጀልባዎች በአቅራቢያው ክሮቶኔ ወደብ ላይ ታስረው ነበር። የክሮቶኔ የጠረፍ ጥበቃ አዛዥ ራሳቸው ጀልባዎቻቸው በዚያ ባሕር መውጣት ይችሉ እንደነበር ከአደጋው በኋላ ተናግረዋል። ያልወጡት ጉዳዩ «ሕግ ማስከበር» ተብሎ ስለተመዘገበና የነፍስ አድን ጥሪ ስላልተደረገ ነው። ከጎናቸው መቶ ሜትር የሚረዝም መርከብ ቢቆም እሱም ታስሮ ያድር ነበር።

የጥቅምት 3 ቀን 2013ቱን ደግሞ ማንም ሐበሻ አይረሳውም። 368 ሰዎች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኤርትራውያን፣ ከላምፔዱዛ ዳርቻ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አለቁ። ጩኸቱን ሰምታ የደረሰች አንዲት የግል ጀልባ 47 ሰዎች በእጅ እየጎተተች አወጣች። በነዳጅ የተነከረው ገላቸው ከእጅ እያሟለጨ ያመለጣቸው ብዙ ነው። እዚያ ያነሰው የውቅያኖስ መርከብ አልነበረም፤ ዳርቻ ላይ ነቅቶ የሚጠብቅና ወዲያው የሚነሣ ጀልባ ነው። ገንዘብ ካለ ለላምፔዱዛ፣ ለክሮቶኔ፣ ለፖዛሎ ጀልባና ሠራተኛ ይጨመር። ለተጨማሪ ትልቅ መርከብ የምስማማው፣ ባሕር ላይ የተወሰደ ሰው በቅርቡ ወደብ እንዲወርድ የሚያስገድድና ሚኒስትር ሊያግደው የማይችል ሕግ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው።

ደጋፊ

ሕጉን እኔም እፈርምበታለሁ፣ ዛሬውኑ። የዳርቻ ጀልባዎቹም ይጨመሩ። አንድ ነገር ግን አልመለሱልኝም። የ2015ቱ ጀልባ የሰጠመው 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ትንሿ ጀልባ እዚያ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅባታል፤ ስትደርስ ደግሞ በመቶዎች ከሚቆጠሩት የምትይዘው ጥቂቱን ነው፤ ሞልታ ትመለሳለች። ሌሎቹ እስክትመለስ በምን ላይ ይቆያሉ? ዳርቻ ላይ መጠበቅ ዳርቻ ለደረሱት ነው። ከሊቢያ የሚነሡት ብዙዎቹ ዳርቻ ሳይደርሱ ነው የሚሰጥሙት፤ እዚያ ደግሞ ሳምንታት መቆየትና ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጫን የሚችል መርከብ ያስፈልጋል። ለዚህ የተሠሩት መርከቦች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ለጥገና ሲገባ ከጥቂቱም ይጎድላል።