ለአላፊ አግዳሚ የተሠራ ቤት

ቤት ለራሱ ኑሮ ብሎ የሚሠራ ሰው፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ራስ ወዳድ ነው። የጅማ ከተማችን ቤት አሠሪ ከዚህ ነጻ ነው፤ ለአላፊ አግዳሚ ነው የሚሠራው። ፊት ለፊቱ ሰማያዊ መስታወት፣ ግራና ቀኙ ያልተለሰነ ብሎኬት። የጎን ጎረቤት ምን አገባው?

ከሁሉ የማደንቀው ፓራፔቱን፣ ጣሪያውን ከዓይን የሚከልለውን የግድግዳ ጫፍ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ከተማ ቆርቆሮን እንደ ነውር ከግንብ ጀርባ መደበቅ ወኔ ይጠይቃል። አንድ ግንበኛ «ጋሼ፣ ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ቢል እኮ ዝናቡን ያርቅልዎታል» ሲል ሰማሁት። ጋሼም «የባላገር ቤት ልትሠራልኝ ነው እንዴ?» ብለው ዝም አሰኙት። አበጁ! ጣሪያው ወጣ ቢል ከፓራፔቱ ጀርባ ያለው ስውር አሸንዳ ምን ሊሠራ? በቅጠል ተደፍኖ ሐምሌን ሙሉ ኮርኒሱ ላይ የሚሥለው ቡናማ ካርታስ? ሳሎን መሀል ባልዲ ካልተደቀነ እንግዳው በምን ወሬ ይጀምራል?

ይህ ሥልጣኔ ዳግማዊ አባ ጅፋርን አምልጧቸዋል። የጅማ ንጉሥ ሆነው ሳለ እዚሁ አጠገባችን ጅሬን ላይ በእንጨትና በጭቃ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ሰፊ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳ። እየታደሰ ከመቶ ዓመት በላይ ቆመ እንጂ ምን ፈየደ? ጭቃ ያው ጭቃ ነው! እኛ መሠረት ስንቆፍር የወጣውን አፈር ከፍለን እናስጥልና፣ 1,450 ዲግሪ ድረስ በጋለ እቶን የተጠበሰ ሲሚንቶ በሲኖትራክ እናስመጣለን። ብሩ ግማሽ ላይ ቢያልቅም መስታወቱ አይቀርም። የከሰዓቱ ፀሐይ በዚያ ገብቶ ሳሎኑን ምድጃ ሲያደርገው ቬንትሌተር አለ። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

«በአቅም የሚገኝ ቤት የለም» እያሉ በየሆቴሉ አዳራሽ አበል የሚቀበሉ ባለሙያዎችም ከጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቢያዩ ኖሮ ባልደከሙ። ሦስት በሦስት ክፍል፣ አንድ በር። መስኮት የለውም፤ መስታወቱ ፊት ለፊት አልቋል። አስተማሪው አንዱን፣ ነርሷ ሌላውን ይዘው፣ ለስድስት አባወራ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቧንቧ ተጋርተው፣ ሰው የማይቀመጥበትን የሳሎን ዕዳ በየወሩ ይከፍላሉ። ታድለው! ውሃ በተራ፣ እንግዳ አያድርም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም።

ኪራዩም ከመስከረም ጀምሮ ይጨምራል። ኮርኒሱ መቀየር አለበታ።