ማስተካከያ፦ የደሴ ንፍሮ ለምን ይዘገያል
ሰሞኑን ሼር ሲደረግ የነበረው «ደሴ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በብርዱ ነው፣ እሳቱን መጨመር ነው» የሚለው ነገር ይስተካከል። ብርዱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነች የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ መንተክተክ ይጀምራል፣ ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል ወደ 94 ነው፣ ለዛ ነው ያው ባቄላ እዛ ትንሽ ቀደም የሚለው። አንዴ ከተንተከተከ በኋላ ከሰል ብትጨምሩበት ውሃው ከዛ በላይ አይግልም፣ ዝም ብሎ ተንኖ ያልቅና የድስቱ ስር ያራል (በዚህ የከሰል ዋጋ ደሞ!)። ፕሬሸር ኩከር ግን እንፋሎቱን አፍኖ እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ስለሚያደርሰው እሱ ጋ ልዩነት አለ። እዛው ሼር የተደረገው ላይ «ባቄላውን ማታ ዘፍዝፉት» የተባለው ግን ትክክል ነው፣ ምክሩን እንዳለ ተዉት።