ለአምስት ደቂቃ ማን ገመድ ያስራል?

የጣሪያ ሠራተኞቻችንን ጀግንነት የሚያወድስ ጠፋ። ግድ የለም፣ እኔ ላወድስ።

ከ6 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ ከ1 ሰከንድ ብዙም አይፈጅበትም። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀግናችን ግን በዚያች ሰከንድ ውስጥ «አንዱን ነገር እይዛለሁ» ብሎ ጨርሷል። የሚይዘው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ደግሞ የሌሊቱ ጤዛ አልደረቀለትም።

ከመውደቅ የሚያድን ቀበቶ የለውም ያለ ሐሜተኛ ነው። አለው! ትከሻና ጭን የሚይዝ፣ ደህና ዓይነት። ቦታው መኪና ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። እንደ ሰርግ ልብስ በክብር ነው የሚያዘው።

የረቀቁትም አሉ። ቀኑን ሙሉ ይለብሱታል፤ መንጠቆውን ግን ከምንም ጋር አያገናኙትም። ከኋላቸው እንደ ጭራ ይወዛወዛል። ከአሸንዳ ጋር ያሰረም አይቻለሁ። የሚወድቅ ሰው ገመዱን የሚጎትትበት ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ገመዱ የሚታሰርበት ነገር ከ2 ቶን በላይ ይሸከም የሚሉ ደንቦች አሉ። አሸንዳው እንኳን ሰው፣ የዝናቡንም ውሃ በግድ ነው የቻለው። ግን ታሰረ አይደል?

ከሁሉ የማደንቀው ገመዱን ያስረዘመውን ነው። «እንዲያፈናፍነኝ» አለ። የጣሪያው ጠርዝ ከመሬት 4 ሜትር፣ ከጠርዙ ወዲያ የሚተርፈው ገመድ 5። ሰውዬው ቢወድቅ በሥርዓቱ እንደታሰረ መሬት ይደርሳል።

ብርሃን እንዲያስገባ በቆርቆሮው መሃል የሚገባውን ፕላስቲክ ታውቁታላችሁ። ዓመታት አልፈው አቧራ ሲጠጣ ከቆርቆሮው አይለይም። ጀግናችን አይጨነቅም፤ በእግሩ ረግጦ ይለየዋል። ከሰበረው ፕላስቲክ ነበር ማለት ነው።

መሰላሉንም ቀጥ አድርጎ ነው የሚያቆመው። ለ4 ሜትር ከፍታ የመሰላሉን እግር ከግድግዳው 1 ሜትር ማራቅ ቦታ ማባከን ነው።

አንድ ለማጅ ልጅ ገመድ ቢጠይቅ አለቃው «ምነው፣ እናትህን ልጥራልህ?» አለው። ሁሉም ሳቀ። ልጁም አፍሮ ያለ ገመድ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሥልጠናው በዚሁ ተጠናቀቀ። አለቃው 20 ዓመት ሠርቶ አንድም ቀን አልወደቀም። የወደቁትም እኮ እስከዚያች ቀን ድረስ ወድቀው አያውቁም ነበር።

ጀግናችን በቀደም እኔም ቤት መጣ። የሚያፈስ ቦታ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀበቶውስ?» አልኩት።

«አንድ ሚስማር ናት፤ አምስት ደቂቃ አትፈጅም። ይልቅ አንተ መሰላሉን ያዝልኝ።»

ያዝኩ። እሱ 80 ኪሎ ይሆናል፤ ያለኝ ሁለት እጅ ነው። መሰላሉን ይዤ ወደ ላይ ሳይ የጫማው ሶል ታየኝ። አልቆ ልሙጥ ሆኗል።